እናቴ ናት የነካችው

የምሠራው እናቴ አልጋ ግርጌ ነው። ጠረጴዛዬ ከአልጋው እግር ጋር ስለተጣበቀ እሷ በተገላበጠች ቁጥር የእኔ ኮምፒውተር ይወዛወዛል። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ እኔ ትከሻ መጸዳጃ ቤት እንኳ አትደርስም፤ እኔም ከገበያ ርቄ ሄጄ አላውቅም። ጓደኞቼ መጀመሪያ ይመጡ ነበር፣ በኋላ መደወል ጀመሩ፣ አሁን አልፎ አልፎ መልእክት ይልካሉ። አልፈርድባቸውም፤ ቤታችን የመድኃኒት ሽታ አለው፣ እኔም ነገረኛ ሆኛለሁ።

መተዳደሪያዬ ትችት ነው። በኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚያከፋፍሉ ኔትወርኮችን እመዝናለሁ። ኔትወርክ ማለት በአጭሩ ደላላ ነው፤ በአንድ በኩል ጫማውን ማስተዋወቅ የሚፈልግ ነጋዴ፣ በሌላ በኩል ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ያለው ባለ ድረ ገጽ፣ መሃል ላይ እሱ። እኔ በሁለቱም በር እገባበታለሁ። እንደ ባለ ድረ ገጽ ማስታወቂያውን የራሴ ገጽ ላይ እሰቅልና ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደሚያመጣብኝ፣ ቅሬታ ሳቀርብ ማን እንደሚሰማኝ አያለሁ። እንደ አስነጋሪው ነጋዴ ደግሞ ትንሽ ማስታወቂያ እገዛና ክሊክ የሚያደርግልኝ ሰው ይሁን ማሽን አጣራለሁ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ያየሁትን እጽፋለሁ። የሙያው ሰዎች "መርዟ" ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ሌላ የሚጠራኝ ሰው የለም።

የጻፍኩትን ሁሉ ሳላወጣው በፊት ጮክ ብዬ ለእናቴ አነብላታለሁ። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ቋንቋ አስተማሪ ነበረች፤ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ ስህተት አያሳልፍም። "ማሰሪያ አንቀጹ የት ሄደ?" ትለኛለች ዓይኗን እንደጨፈነች። "'በጣም በጣም' ምን ያደርግልሻል? አንዱን ለነገ አስቀምጪው።" ስታርም ስታርም ሙያውን ከእኔ እኩል ተምራዋለች።

ከነዚህ ኔትወርኮች አንዱ፣ ያውም ክፉኛ ያብጠለጠልኩት፣ ሥራ አቀረበልኝ። "እኛን እንዲህ ገላልጠሽ ካየሽ ሌላውንማ አትምሪውም" ብለው ጻፉልኝ። ሥራው ሌላ ከተማ ነው፤ ማስታወቂያ ይሰጠን እያሉ የሚያመለክቱ ድረ ገጾችን መመርመር። ቢሮ አለ፣ አብሮ ምሳ የሚበላ ባልደረባ አለ፣ ሥራ አልቆ የሚወጣበት በር አለ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመቀጠሬ በፊት የእኔም ገጽ እንደማንኛውም አመልካች በማሽናቸው መጣራት ነበረበት።

ታላቅ ወንድሜ "አንቺ ሥራውን ያዢ እንጂ እማዬን እኔ እወስዳታለሁ" አለኝ በስልክ። ቤቱ ሰፊ ነው። ሚስቱ ግን ብርጭቆ ከቦታው ፈቀቅ ሲል ራሷን የሚያማት ዓይነት ሴት ናት። እናቴን ጠየቅኳት።

"ደግ ነው" አለች። "ሂጂ። የኔ ነገር አያሳስብሽ።"

አሳስቦኛል ብል ውሸት ነው። በማግስቱ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን መጥረግ ጀመርኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሻንጣው ገና ባዶውን ተከፍቶ ሳለ መልእክቱ መጣ። "ከመኖሪያ ቤትሽ በተደጋጋሚ ክሊክ ስለተደረገ ገጽሽ ላይ ያለው ማስታወቂያ ቆሟል። የቅጥሩም ጉዳይ ታግዷል። ማብራሪያ ካለሽ ላኪ።" ሰማይ ተደፋብኝ። አስነጋሪ የሚከፍለው በክሊክ ቁጥር ስለሆነ፣ ባለ ድረ ገጽ ገጹ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ራሱ መንካቱ ከአስነጋሪው ኪስ መስረቅ ነው፤ ይህን ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ያለነው ሁለት ነን።

ቀና ብዬ አየኋት። የሰጠኋት አሮጌ ስልኬ ደረቷ ላይ ተጋድሟል።

"እማዬ፣ ገጼ ላይ ያሉትን ማስታወቂያዎች ነክተሽ ታውቂያለሽ?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"አንቺ ወጥ ቤት ስትገቢ።"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ሆዴ ባባ። ሰው ማስታወቂያውን በነካ ቁጥር ልጄ ትጠቀማለች ብላ፣ በዚያች በምትንቀጠቀጥ ጣቷ ስትደክምልኝ ከርማለች! ጎንበስ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ችግሩ፣ "እናቴ ናት የነካችው" በእኛ ሙያ ያረጀ ቀልድ ነው። የተያዘ አጭበርባሪ ሁሉ እናት አለው። እናት ካጣ ትንሽ ወንድም፣ ወንድም ካጣ ድመት አያጣም። እኔ ራሴ "በእናቱ የሚያመካኝ ሰው ይግባኙ ሳይነበብ ይዘጋ" ብዬ ጽፌ ስንቱን አስቄ ነበር። አሁን ያ ቀልድ እውነት ሆኖ እላዬ ላይ ተቀመጠ። ቢሆንም ሌላ የምለው አልነበረኝም፤ ደብዳቤውን ጻፍኩና እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

"ይህ ድርጊት የተፈጸመው በእናቴ ነው..."

"የፖሊስ ቃል አስመሰልሽው" አለች። "'እናቴ ናት የነካችው' በይ።"

አስተካከልኩ። "እናቴ ናት የነካችው። የአልጋ ቁራኛ ናት። ልጇን የጠቀመች መስሏት፣ ባለማወቅ..."

እጇን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሳች። "እሷን አውጪያት።"

"የቷን?"

"'ባለማወቅ' የምትለዋን። ከፊቷ ያለውንም።"

"እማዬ፣ ደብዳቤው የቆመው እኮ በሷ ነው።"

"ይሁና። ልክ አይደለችም።"

ጣቶቼ እንደተዘረጉ ቀሩ። እሷ ጣራ ጣራውን ታያለች።

"ክሊኩ ከአንድ ቤት ሲደጋገም ገጹን እንደሚዘጉት ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ" አለች። "ያንን አንቀጽ ያረምኩልሽም እኔ ነኝ።"

ልጮህባት ፈለግኩ። ግን ጮኼ የት እሄዳለሁ? ጩኸቱ ሲያልቅም ያለነው እዚሁ ነን፣ እሷ አልጋው ላይ እኔ ግርጌው።

"አልሄድም ማለት አትችይም ነበር?" አልኳት። "አንድ ቃል ነው።"

"ሻንጣሽን ስትጠርጊ ታንጎራጉሪ ነበር። ስታንጎራጉሪ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። በምን አፌ እምቢ ልበልሽ? ወንድምሽ ቤት ዕቃ ነው የምሆነው። ያበሉኛል፣ ያጥቡኛል፣ አቧራዬን ይጠርጉልኛል። የሚያናግረኝ ግን የለም።"

በዚያች ደቂቃ ጠላኋት። እየጠላኋት ትራሷ ተንሸራቶ አንገቷ መጣመሙን አየሁና ተነስቼ አቃናሁላት። አንገቷ ቀጥኗል። ይህን ሁሉ ወር አጠገቧ ተቀምጬ አላየሁትም ነበር፤ ስክሪን ሳይ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን 'ባለማወቅ' ከምትለዋ ቃል ጋር ብልከው ማንም አያውቅም። ምናልባት ያምኑኝ ይሆናል፣ ምናልባት በወሩ መጨረሻ ያን በር ከፍቼ እወጣ ይሆናል፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ በልጇ እጅ የማታውቅ አሮጊት ተብላ ተጽፋ ወደ ወንድሜ ቤት ትሄዳለች። ቃሏን አጠፋኋት።

"እሺ" አልኳት በእልህ፣ "አስተማሪ አይደለሽ? በሷ ቦታ ምን ልጻፍ?"

ቃል ቸግሯት አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ብዙ ቆየች፤ ከንፈሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ተመለሰ።

"'ፈርታ' በይ" አለች።

ጻፍኩት። እንዳነብላት ጠየቀችኝ፣ አነበብኩላት። "እናቴ ናት የነካችው። የአልጋ ቁራኛ ናት። ፈርታ ነው።"

"አሁን ልክ ነው" አለች።

ልክ መሆኑን እኔም አውቄዋለሁ። ከዚህ ክፍል የሚያስወጣኝ ደብዳቤ ግን አልነበረም።