የአማትየዋ እርጎ
አማትና ምራት አንድ ቤት ይኖራሉ፤ የሚሠሩትም አንድ ቦታ ነው፤ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየተፈታ እርሳሱ በሚቀልጥበት ወርክሾፕ። ምራትየዋ ባትሪውን ትፈታለች፤ ሠራተኛው «እማማ ጉልቤ» የሚላቸው አማቷ ደግሞ ከማቅለጫው አጠገብ ተቀምጠው እርሳሱን ከፕላስቲኩ ይለያሉ።

አጥኚዎች ከአንዲት ነርስ ጋር መጥተው የሠራተኛውን ደም ሲመረምሩ በሁለቱም ደም እርሳስ ተገኘ።

«ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ እርሳስ ሳልጨብጥ አርጅቼ፣ ዛሬ በደምሽ አለ ይሉኛል?» አሉ እማማ ጉልቤ።

ነርሷም ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳች። እርጎ ውስጥ ያለ ጠቃሚ ባክቴሪያ አንጀት ላይ እርሳሱን ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣ እንደሆነ አጥኚዎቹ ማየት ፈልገዋል። ለግማሹ ሰው ባክቴሪያው ያለበት እርጎ፣ ለግማሹ የሌለበት ይታደላል፤ የማን የቱ እንደሆነ እሷም አታውቅም። እርሳስ ለጽንስ ክፉ መሆኑንም ነገረቻቸው።

እማማ ጉልቤ ግን «አወቁ»። የእሳቸው ይኮመጥጣል፣ የምራታቸው ለስለስ ይላል፤ መድኃኒት ደግሞ መቼ ጣፍጦ ያውቃል? ምራታቸው ልጅ እንደምትፈልግም ያውቃሉ። ጠዋት ጠዋት እሷ ፊቷን ስትታጠብ የራሳቸውን እርጎ በኩባያዋ ይገለብጡላት ጀመር።

ምራትየዋ ሆዷ ቢነፋባት ግራ ገባት። አንድ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ሳትጨርስ ብትመለስ እጅ ከፍንጅ ያዘቻቸው።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እያካፈልኩሽ ነዋ። እኔ ከእንግዲህ ልወልድ ነው?»

ምራትየዋ ኩባያውን ከእጃቸው ተቀበለች። ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እየተባለች ስትኖር፣ ሴትየዋ የሚወዱት ልጃቸውን ብቻ ይመስላት ነበር።

ተያይዘው ነርሷ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ሄደው ተናገሩ።

«እንግዲህ ከጥናቱ መውጣታችሁ ነው» አለች ነርሷ፤ ቁጣ ግን አልነበረባትም። «መኮምጠጡም ምንም አይነግርዎትም፣ እማማ። ደግሞ እርጎው ቢረዳ እንኳ፣ እርሳሱ በየቀኑ እየገባ በምን አቅሙ አስወጥቶ ይጨርሰዋል? የሥራ ልብስ ቤት አይግባ፤ ሳትታጠቡ አትብሉ። ከማቅለጫውም ራቁ።»

አለቃቸው ስለ ማቅለጫው ሲነገረው አቅማማ። አፍ የላትም የምትባለው ምራት ፊቱ ቆመች።

«እሳቸው ከጭሱ ካልወጡ እኔም ነገ አልገባም።»

እማማ ጉልቤ ወደ ዕቃ ክፍል ተዛወሩ። እሷም ውላ አድራ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ አገኘች።

በኋላ እዚያው ክሊኒክ ሲመረመሩ በሁለቱም ደም ያለው እርሳስ ቀንሶ ተገኘ። በእርጎው ይሁን ከጭሱ በመራቃቸው፣ ነርሷ እርግጠኛ አልነበረችም።

«እርጎው ነው እንጂ» አሉ አማትየዋ።

«ይሁን፣ እማዬ» አለች ምራትየዋ፤ ክንዳቸውን ይዛ የክሊኒኩን ደረጃ ቀስ እያለች አወረደቻቸው።