ኖራ የተቀባው ግራቪላ

ሁለተኛውን ቅብ ልጨርስ ትንሽ ቀርቶኛል። ቡሩሹን ባልዲው ውስጥ ነክሬ፣ ጠርዙ ላይ ጠረግ አድርጌ፣ ግንዱ ላይ ከታች ወደ ላይ አስኬደዋለሁ። እማዬ በረንዳው ላይ ፕላስቲክ ወንበሯን ይዛ ታዘኛለች።

«ከጀርባውም ቀቢው እንጂ ሌንሳ! ሐሙስ የሚመጣው ሰውዬ ዞሮ ሳያይ ይቀራል?»

ኖራው ከቸርች አጥር የተረፈ ነው። ግራቪላውን የተከለው አባቴ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ሲያዘነብል የኖረው ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ቡዜ ነበር፤ ዛፉ ግን ታማኝ ወጣ፣ ያዘነበለው ወደ እማዬ መኝታ ቤት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቅርንጫፍ ቆርቆሮውን በስቶ ከትራሷ አንድ ክንድ ርቆ ወረደ። እማዬ ጌታን አመሰገነችና ገልበጥ ብላ ተኛች። ክፍል ቀይሪ ብላት፣ «ሠላሳ ዓመት የተኛሁበትን አልጋ ለእንጨት ብዬ እለቃለሁ?» አለችኝ።

አሁን ደግሞ ሰኔ ገባ። የአዳማ ነፋስ ማንንም አያስፈቅድም። ለመቁረጥ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን የነገረኝ ቆራጩ ገርባ ነው።

«ወረቀት አለሽ?» አለኝ፣ መጋዙን ገና ከትከሻው ሳያወርድ።

«በገዛ ግቢያችን?»

«በገዛ ግቢሽ። አምና ያለ ወረቀት ቆርጬ መጋዜን ወሰዱብኝ። መጋዜ ሲመለስ ጥርስ አልነበረውም።»

ስለዚህ ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፍኩ። ዛፉ ማዘንበሉን፣ ከግንዱ ሥር ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩን፣ ውስጡ መበስበሱን በዝርዝር አሰፈርኩ። ሐሙስ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል ተባልኩና ለእማዬ ነገርኳት። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። እማዬ ከዚያ ሁሉ የሰማችው «ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነበር።

ሰው ከመጣ ግቢ ይጠረጋል። ግቢ ከተጠረገ ዛፉ ብቻውን ቆሽሾ አይቆምም። «ያንን ቀዳዳም ድፈኚው፣ ባለቤት የሌለው ቤት ያስመስለናል» አለች። ጭቃ አቡክቼ ደፈንኩት። ላዩን በእጄ አለሰለስኩት። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ፣ ማስረጃውን የደፈንኩት እኔ፤ ዲግሪም አለኝ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ባለሙያው በባጃጅ መጣ። ማናሴ ይባላል፤ ሜትሩን ቀበቶው ላይ ሰክቷል።

«አካም ጅርቱ እናቴ?» አለ ጎንበስ ብሎ።

«ፈያ ልጄ፣ ግባ፣ ግባ! ፋንታ ይሁን ሚሪንዳ?»

ሁለቱም መጣለት። ጨጨብሳም ተከተለ። ከበላ በኋላ ዛፉን አንድ ጊዜ ዞረው። ቆም ብሎ እንደገና ዞረው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው።

«እንዲህ የተያዘ ዛፍ በዚህ ሰፈር አላየሁም። እናቴ፣ ይኼ እኮ ለሌላው ትምህርት ነው!»

እማዬ በደስታ ነጠላዋን አስተካከለች። ባለሙያው መጻፍ ጀመረ። በትከሻው በኩል አየሁት፤ «ጤናማ» የሚለውን ቃል ጨርሶ ወደሚቀጥለው አልፏል።

«ይቆረጣል አይደል?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«የቱ? ይኼ? እህቴ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ለታመመ ወይም አደጋ ለሚያደርስ ነው። ይኼ ከእኔ ይሻላል።»

«በላዬ ላይ አዘንብሎ!» አለች እማዬ፣ ገና ነገሩ ሲገባት።

«ማዘንበል ብቻውን በሽታ አይደለም እናቴ። ማመልከቻው ቀዳዳ አለው ይላል። የታለ ቀዳዳው?»

እማዬ አየችኝ። ትርጉሙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፦ እንግዳ ፊት እንዳታዋርጂኝ።

«ሌላ ጊዜ መጥተህ ብታየውስ ልጄ?» አለችው።

«የሚቀጥለው ተራ መስከረም ነው።»

መስከረም። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን እማዬ እዚያ አልጋ ላይ ተኝታ አሰብኳት። የምናገረው ስለጠፋኝ ወጥ ቤት ገብቼ የሽንኩርት ቢላዋ ይዤ ወጣሁ። ባለሙያው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ግንዱ ሥር ተንበርክኬ ኖራውን ፋቅኩት፣ ጭቃውን ወጋሁት። ጭቃው በአንድ ላይ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ተከትሎት ቡናማ ብስባሽ ፈሰሰ፤ ብስባሹን ተከትለው ጥንዚዛዎች በባለሙያው ጫማ ላይ ተራመዱ።

ማናሴ ሜትሩን ቀዳዳው ውስጥ ከተተው። ሜትሩ ገባ፣ ገባ፣ ገባ።

«ሰባ ሁለት ሳንቲም» አለ። ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። «እናቴ፣ እዚህ ሥር ማን ነው የሚተኛው?»

«እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ቀደደው።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ቅብ ምንድን ነው? የታመመ ሰው ሐኪም ጋ ሲሄድ ይኳኳላል?»

«አዎ!» አለች እማዬ። «ታጥቤ፣ ተቀብቼ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነው የምሄደው! ቆሽሼ ልሂድ?»

ማናሴ በአዲስ ወረቀት ላይ «አደገኛ፤ ይቆረጥ» ብሎ ጻፈ፤ በምትኩ ሁለት ችግኝ ከቤቱ አምስት ሜትር ርቆ እንዲተከል አዘዘ፤ የተረፈውን ጨጨብሳ በፌስታል ይዞ ሄደ።

ማህተም ያለበት ፈቃድ ሰኞ ወጣ፤ ገርባ ማክሰኞ መጣ። ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ ዛፉን በገመድ ከቤቱ በተቃራኒ በኩል ስቦ ቆርጦ ጣለው። ጫፉ አጥሩን አልፎ እትዬ ቡዜ ደጃፍ ላይ ተዘረጋ።

እማዬ ወደ አጥሩ ተጠግታ አየችው።

«እሱም ለካ ልቡ እዚያ ነበር» አለች።

ዛሬ ችግኞቹን ተከልኩ፤ አንድ ብርቱካን፣ አንድ ዘይቱን። አምስቱን ሜትር ሦስት ጊዜ ለካሁ። እማዬ ከምሳ በኋላ አልጋዋ ላይ ናት፤ ማንኮራፋቷ እስከ ጓሮ ይሰማል። ከመተኛቷ በፊት ግን፣ ሰውዬው ችግኞቹን ሊያይ እንደሚመጣ ስነግራት፣ እንደ ጣቴ ከቀጠኑት ግንዶች ወደ ኖራው ባልዲ ስትመለከት አይቻታለሁ።

የቀረውን ኖራ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። ባልዲውን አጠብኩ። ቡሩሹንም ውሃው እስኪጠራ ድረስ አጥቤ፣ አራግፌ፣ እጇ ከማይደርስበት ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት።