ጓሯችን ውስጥ የወረደው ሸራ

ልጄ ሳሙኤል አናጢ ነው። መርሳ፣ ጓሯችን ውስጥ፣ ክረምቱን ሙሉ ጀልባ ሲሠራ ከረመ። ሎጎ ሐይቅ ወስዶ ሰው ሊያሳፍርባት ነው። በመቅዘፊያ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ እሱ ግን ምሰሶ አቁሞ ሸራ አሰረባት። ነፋስ የሚነዳት ነገር መሆኗ እንቅልፍ ነሣኝ።

«ሸራውን እኔ ራሴ አውርጄ ካላየሁ ከዚህ ግቢ አትወጣም» አልኩት።

«እሺ እማ፣ ነይ ውጪ።»

ጀልባዋ ድንጋይ ላይ ተደላድላ ቆማለች። ላይዋ ወጣሁ። ሳሙኤል ሸራውን ሰቀለና የተሰቀለበትን ገመድ አስያዘኝ። ወዲያው ከሐራ ከተማ በኩል ነፋስ መጣ። ሸራው ተነፋ፣ ጀልባዋ ሲጢጥ አለች። ደንግጬ ገመዱን ለቀቅ አደረግሁት። ሸራው ግን ምሰሶው ላይ ተለጥፎ አልወርድም አለ። እንደተሰጣ ልብስ ጨርቁን ይዤ ጎተትኩት፤ ጭራሽ ባሰበት።

ጎረቤታችን መካኒኩ ዓሪፍ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «እትዬ ትርንጎ፣ ባሕሩን የት ደበቁት?»

«አንተ ሳቅ! ይሄ ነገር ልጄን ሊበላብኝ ነው።»

«እማ፣ ነፋሱ ከጎን እየገፋው እንዴት ይወርዳል?» አለ ሳሙኤል። «መጀመሪያ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ መዞር አለበት። ውኃ ላይ በቀላሉ ትዞራለች።»

«እዚህስ?»

ሳሙኤል ዓሪፍን አየው። ዓሪፍ ከጋራዡ ሰዎቹን ጠርቶ መጣ። «ቢስሚላህ!» ብለው ከነእኔ አነሷት።

«ኧረ መጀመሪያ ልውረድ!» ብል ማን ሰምቶኝ።

«ካፒቴን አይወርድም» አለ ዓሪፍ እያቃሰተ።

አፍንጫዋን ወደ ሐራ አዙረው አስቀመጧት። ያ ተወጥሮ የነበረው ሸራ ረገበና መወዛወዝ ጀመረ። ገመዱን ትንሽ በትንሽ ለቀቅሁለት። ማንም ሳይጎትተው ወረደ። ሳሙኤል በሁለት እጁ እየተቀበለ አጠፈው።

«ታዲያ ልሂድ?» አለኝ።

የእሱ ሁለት እጆች ሸራው ላይ ናቸው፤ ገመዱ ያለው በእኔ እጅ ነው።

«እዚያ ስትሆን ገመዱን ማን ይለቅልሃል?»

ገመዱን አየ። ይህን አላሰበበትም ነበር።

«ጀልባዋን የሚጭነው መኪና ሲመጣ ለእኔም ቦታ ያዝልኝ» አልኩት። «የሚያግዝህ ሰው እስክታገኝ ገመዱ የእኔ ነው።»