የተገለበጠው ወለል

አባቴ ድንጋይ እያየ ከሆነ ማንም አያናግረውም። እሱ የማዕድን አሰሳ ቡድኑ ኃላፊ፣ እኔ የቤተ ሙከራው ኬሚስት ነበርን። መሥሪያ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ መሆናችንን እንርሳ ተባብለናል፤ እሱ ግን አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም።

እምነቱ አንድ ነበር። በጥንቱ ባሕር ሥር ፍል ውሃ፣ እሳተ ገሞራ የተፋውን ድንጋይ ሰንጥቆ ሲወጣ ድንጋዩን ይቀቅለዋል፤ ሶዲየሙን አጥቦ ይወስድና አረንጓዴ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ነገር ያደርገዋል። የተሸከመውን መዳብና ዚንክ ከላይ ያራግፋል። ስለዚህ የተቀቀለው ድንጋይ የማዕድኑ ወለል ነው። መሰርሰሪያው እዚያ ከደረሰ ማዕድኑን አልፎታል፤ ካልታየ የለም ማለት ነው። አባቴ አረንጓዴውን ባየ ቁጥር «ወለል ነክተናል፣ አቁሙ» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ኮረብታ ላይ ወለል ሲነካ ኖረ።

ኩባንያው የመጨረሻዋን ጉድጓድ ፈቀደለት፤ ካልተገኘ ካምፑ ይዘጋል። እዚያም አረንጓዴው መጣ፣ አቁሙ አለ። ናሙናው እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ድንጋዩ ይበልጥ የሚቀቀለው ማዕድኑ አጠገብ ነው፤ ማዕድኑ ከላይ ከሆነ፣ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሶዲየሙ እየተመለሰ መሄድ ነበረበት። እሱ ግን እያነሰ ሄዶ ጭራሹን ይጠፋል። የድሮዎቹን ጉድጓዶች ውጤት ፈተሽኩ፤ ሁሉም ያው። መሬቱ ድሮ ሲታጠፍ ንብርብሩ በሙሉ ተገልብጧል። ወለል ያልነው ጣሪያ ነበር፤ ማዕድኑ ከሥሩ ነው።

ወደ ጉድጓዱ እየሮጥኩ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ማሽኑን ሲፈቱ ደረስኩ። ነገሩን አስረድቼ ጥቂት እንዲያስቀጥል አባቴን ለመንኩት።

«ልጄ፣» አለኝ እየሳቀ፣ «ያሳደግኩሽ ተራራ እንድትገለብጪብኝ ነው?»

ሠራተኞቹም ሳቁ፣ ብሎናቸውን መፍታት ቀጠሉ። ተናድጄ ወደ ቤተ ሙከራዬ ተመለስኩ።

ካምፑ ተዘጋ፣ አባቴም ጡረታ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ኮረብታውን ሌላ ኩባንያ ወሰደው። እነሱ መሰርሰሪያቸውን በአባቴ የመጨረሻ ጉድጓድ አስገብተው እሱ ካቆመበት ቀጠሉ፤ መዳቡም ተገኘ። አባቴ ዜናውን በሬዲዮ ሰማ። ቤቱ ስደርስ ሬዲዮውን አጥፍቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

አላልኩህም ወይ የሚለው ንግግሬ ስንት ዓመት የተዘጋጀ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

«ምን ያህል ቀርቶን ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ሩቅ ነው ብዬ ብነግረው ያምነኝ ነበር፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን ለማመን ተዘጋጅቶ ነው የተቀመጠው። ንዴቴ ግን አልበረደም።

«ከአልጋህ እስከ በሩ» አልኩት።

በሩን አየው። አልጋውን ወደ ግድግዳው እናዙረው አለኝ። ብቻዬን ከበደኝ፤ እሱም ተነስቶ ከወዲያ በኩል ገፋልኝ። አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ እሱ ነው።