የግመል አስታራቂው ዝምታ

ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ እንደ እኔ ያለ አስታራቂ አልተፈጠረም። ዓመት ሙሉ የተኳረፉ ግመሎች እንኳ አስታርቄያለሁ። የእህቴ የከዲጃ ልጅ ፈይሩዝ ከዩኒቨርሲቲ ተመልሳ እህል አልቀምስ፣ ከሰው አልቀላቀል ስትል፣ «ለእኔ ተዉት!» አልኩና ወዳጃ ጠራሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ጫቱን ይዞ ለዱዓ ተሰበሰበ፤ የይፋት ሰው አንድም አልቀረ። አሚን ተብሎ ሲያበቃ ምክሬን ጀመርኩ።

«ስሚ ፈይሩዝ! እኔ በአንቺ ዕድሜ ጅብ በጆሮው ይዤ...»

«አጎቴ፣» አለች ቀስ ብላ። «ለዱዓው አላህ ይስጥልኝ። ግን ትናንት ሞት ተመኘሁ ብልዎ፣ አንቱ የግመሎቹን ወሬ ነገሩኝ።»

 የጅቡን ወሬ ትቼ ጠጋ አልኳት።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«ዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ውስጥ የሥነ ልቦና አማካሪ አለች። ጀምሬ ነው ያቋረጥኩት። እሷ ስናገር አታቋርጠኝም። ይውሰዱኝ።»

በማግስቱ በሚኒባስ ወጣን። ሌላ ጊዜ ጣርማ በር ስንደርስ «ዋሻውን የቆፈረው አያቴ ነው» እላለሁ፤ ያን ቀን ግን ምላሴን ዋጥኩ። እሷም መስኮቱን ተደግፋ መንገዱን ተመለከተች።

የአማካሪዋ በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ስትወጣ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ለሳምንት ቀጥራኛለች» አለች። ምን ተባባላችሁ ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«አጎቴ፣ ትንሽ ራበኝ።»

ሽሮ አዘዝኩላት። ጥቂት ጎርሳ ተወችው። ለእናቷ ደውዬ ግን፣ «ልጅሽ ሙክት ጨረሰች!» አልኳት።