የትሪው ባቡር

«ብቻ እንዳያስነጥሱበት!» አለች ባይነሽ፣ ትሪውን በሁለት እጇ ተሸክማ ከሱቁ ጓዳ ብቅ ስትል።

ባሏ ዘውገ ሊቀማት ከበርጩማው ሲነሳ የሚዛን ድንጋይ እግሩ ላይ ጣለ። ቅዳሜ ነው፤ በርበሬ በረንዳ ሰው በሰው ላይ የሚሄድበት ሰዓት። ደንበኛው ጋሽ ይሄይስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ኪሎ ዛላ እያስመዘኑ ሳለ፣ ሠላሳ ዓመት ባቡር መንዳታቸው በጨዋታ መሀል ከአፋቸው አመለጠ። ከዚያ ወዲያ ባይነሽን ማን ያቁማት?

«የኔም ባል ባቡር ነጂ ነበር እኮ! ሰፈሩ ጋሽ ሾፌሩ ነው የሚለው። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ምን ሲሠራ እንደከረመ ይዩለት!»

ስድስት የሻይ ብርጭቆ የምትይዝ ትሪ ናት። ዘውገ ለገሃርን ከነግቢው አስገብቶባታል። ሐዲዱ የጃንጥላ ሽቦ፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር ጥቁር አዝሙድ፣ ዛፉ ሁሉ የጥብስ ቅጠል፣ ቀዩ መሬት ከወንፊት የተረፈ በርበሬ። ፉርጎዎቹ ሦስት የክብሪት ቀፎዎች ናቸው፤ ከአሮጌ ቴፕ የወጣች ሞተር ትጎትታቸዋለች፣ ደስ ሲላት። ባይነሽ ስለ አዝሙዷ ስትነጫነጭ ከርማ አሁን ራሷ የሠራችው ይመስል ትኮራበታለች።

ችግሩ ዘውገ ባቡር ነድቶ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ፉርጎ ሲያጥብ ነው የኖረው። ባይነሽን ሊያገባ ሽማግሌ ይዞ በሄደ ጊዜ «ባቡር ላይ ነው የምሠራው» አለ፤ እናቷ «ሾፌር?» አሉ፤ እሱ ዝም አለ። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያቺን ዝምታ መቀለብ ነበረበት። እርጥብ ቱታውን ለገሃር እያወለቀ፣ ለዕድርተኛው የፍሬኑን አያያዝ በእጁ እያሳየ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀለባት።

ጋሽ ይሄይስን ገና ከበር ሲገቡ ነው ያወቃቸው። ጠዋት ጠዋት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አጣቢዎቹን «እንዴት አደራችሁ ልጆች!» የሚሉ ሾፌር ነበሩ። እንዳያስታውሱት ሲጸልይ ቆየ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። አስነጠሱ። የባቡሩን ራስ አዩት፤ የነጂው በር ባልሆነ ቦታ ነው የተቀባው። ትሪዋ ጥግ ላይ ወዳለው የፉርጎ ማጠቢያ ዞሩ። እዚያ አንድ የጎደለ የለም፦ ባልዲው፣ የተጠቀለለው ጎማ፣ ቦዩ፣ የቦዩ ክዳን።

«ሦስተኛዋ ቧንቧ በጨርቅ ታስራለች» አሉ።

«ታፈስ ነበራ» አለ ዘውገ፣ ሳያስበው።

ቀና ብለው አዩት። አሁን አወቁት።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ? አብራችሁ ነድታችኋል?» አለች ባይነሽ።

የጎረቤቱ ነጋዴ ጀማለዲን ከጆንያው ላይ አንገቱን አሰገገ። «ጋሽ ሾፌሩ፣ ዛሬማ ምስክር መጣልህ!»

ጋሽ ይሄይስ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ወለወሉ። ብዙ ወለወሉ። «ዘውገን ነው?» አሉ በመጨረሻ። «እንዴታ! ጎበዝ ሾፌር ነበር።»

ዘውገ ፊቱ እሳት ሆነ። ቢያጋልጡት በተሻለው። እኒህ ነጭ ጸጉር ያላቸው ሰው፣ በሱ የተነሳ፣ በገበያ መሀል ዋሹ፤ ደግሞ ሲዋሹ አያምርባቸውም፣ ጆሯቸው ሳይቀር ቀልቷል።

ሽማግሌው ሒሳባቸውን ከፍለው ፌስታላቸውን ሊያነሱ ሲሉ ባይነሽ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «አንተ ሰውዬ፣ ለሥራ ባልደረባህ ምርቃት አትጨምርም እንዴ?»

ዘውገ እጁን ጆንያው ውስጥ ከቶ አንድ እፍኝ ዛላ አወጣ። እጁ ፌስታሉ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ባልደረባዬ አይደሉም» አለ።

«ተው እንጂ ዘውገ...» አሉ ጋሽ ይሄይስ በቀስታ።

«እሳቸው ይነዱ ነበር» አለ፤ ጀማለዲንም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «እኔ ፉርጎ አጥብ ነበር፣ ባይነሽ። ሃያ ሁለት ዓመት።»

ጀማለዲን ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ባይነሽ ትሪውን እንደያዘች ቀረች።

ዘውገ ቀና ብሎ አላያትም። እፍኙን ፌስታሉ ውስጥ ለቀቀና፣ ሁለተኛ ሊዘግን ጎንበስ አለ።