የመጨረሻዎቹ አሥር ሴኮንዶች

እህትና ወንድም በኮምፒዩተር ፍጥነት ሲጨቃጨቁ ይኸው ስምንት ወር ሆናቸው። ሌላው ሰው በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፤ እነዚህ የሚጣሉት በፕሮሰሰር፣ በኮምፒዩተር አንጎል ነው። ምሳ ሲበሉ ፕሮሰሰር፣ ደረጃ ሲወጡ ፕሮሰሰር። ለሰሚው ያስቃል፤ ለእነሱ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ሥራቸው ገና ያልተሠራ ቤትን እንደተሠራ አድርጎ ማሳየት ነው። እህትየው ከመሐንዲስ ንድፍ ተነስታ ቤቱን በኮምፒዩተር ታቆመዋለች፤ ወንድሟ ብርሃኑንና ቀለሙን ይሰጠዋል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ምስሎቹን አንድ በአንድ እያሰላ ያወጣና፣ ሲገጣጠሙ በበር ገብቶ ደረጃ ወጥቶ ክፍል ለክፍል የሚዞር ፊልም ይሆናሉ። የአንድ ደቂቃ ፊልም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ኮምፒዩተራቸው ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለአንዷ ምስል ሰባ ሴኮንድ ይወስድበታል።

እህትየው ምድር ቤት ያለው የኮምፒዩተር ዕቃ ሻጭ መደርደሪያው ላይ የደረደረውን ማሽን እንግዛ ትላለች። ወንድምየው አይሆንም ባይ ነው። ትናንት እንኳ፣ የአሁኑን ፊልም አስጀምረው ሲወርዱ፣ በሻጩ በር ላይ ቆመው ጭቅጭቁ ጀመራቸው።

«እትዬ፣ ሁለት ወር ብቻ ታገሺ። አዲሱ ሊወጣ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ነው ይላሉ» አለ ወንድምየው።

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

«ሰው ሁሉ ይላል። ሾልኮ የወጣ ሠንጠረዥ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አምናም ሊወጣ ነው አልከኝ። ወጣ። ሲወጣ ደግሞ የሚበልጠው ሊወጣ ነው አልከኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ወሬ ምስል አያወጣልኝም፣ የኔ ወንድም።»

ዕቃ ሻጩ በሩን ተደግፎ ይሰማ ነበርና ጣልቃ ገባ። «የናንተ ማሽን እኮ ጡረታ መውጫው አልፏል። ልቀቁት፣ ይረፍ።»

«አያያዙን ለሚያውቅ ገና ይሠራል» አለ ወንድምየው ደሙ እየፈላ። «ሰባውን ሴኮንድ ሃምሳ አስገባዋለሁ።»

«ሃምሳ ካስገባኸውማ ሱቄን ዘግቼ ያንተ ተማሪ እሆናለሁ!»

ሻጩ ሳቀ። የእሱ ሳቅ ግድ አልነበረም፤ ነጋዴ ነው። እህቱ ግን አብራ ሳቀች፣ ያ ነው የከነከነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው በእህቱ ሳቅ እንቅልፍ ሊያጣ አይገባም ነበር፤ እሱ ግን አጣ።

ፊልሙን ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ማስረከብ አለባቸው። ቤቶቹን የሚሠራው ድርጅት ወኪል ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ይህ በሰዓቱና በጥራት ከደረሰ ቀጣዮቹ ሕንፃዎች ሁሉ የእነሱ ናቸው፤ ካልደረሰ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሌላ ሰው ከፈለገ ደግሞ የሚሠሩበት ክፍል ኪራይ ውል ወር ሲሞላ ያልቃል፣ ቁልፉን ያስረክባሉ፣ እህትየውም ትታው ወደመጣችው ቢሮ ተመልሳ በሰው ስም ትነድፋለች። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አውጥተው ግን አይናገሩትም።

በኮምፒዩተሩ አካሄድ ፊልሙ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በፊት ያልቅ ነበር። ይበቃ ነበር እኮ! ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እህቱ ወረቀት ልታሳትም ወጣች። በሩ እንደተዘጋ ወንድምየው ማሽኑን በሁለት ምስሎች መካከል አስቆመው፣ አጥፍቶ አስነሳው፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶም የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከሦስት ነጥብ ሁለት ወደ አራት ነጥብ አምስት ጊጋኸርዝ ሰቀለው። ካቆመበት አስቀጠለና ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያዘ። የመጀመሪያዋ ምስል ሃምሳ አንድ ሴኮንድ። ሁለተኛዋ ሃምሳ። ብቻውን በክፍሉ ውስጥ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረውም።

እህቱ ስትመለስ ፋኑ ያጓራ ነበር። «ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«አቧራ ይዞት ነበር፣ ጠረግኩለት። አየሽ? ሃምሳ ገባ።»

የሠራውን ሥራው ሲያልቅ ሊነግራት ነበር ያሰበው። ውሸት ሁሉ እንዲህ ነው፤ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ተብሎ ይቀመጣል።

ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ ምስል ወጣች። እህቱ ፊልሙን በትንሽ መስኮት አንድ ጊዜ አየችውና ግንባሩን ሳመችው። ወዲያው ለወኪሉ ደወለች፤ «ቢፈልጉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡ፣ ደርሷል» አለችው። ስልኩን ዘግታ ወደ ወንድሟ ዞረች። «በቃ ተሸነፍኩ። አንገዛም፤ ያንተን አዲሱን እንጠብቃለን። ይኼን ለዚያ አሽሟጣጭ ሄጄ ካልነገርኩትማ አያስችለኝም!» ብላ እየሳቀች ወደ ሻጩ ወረደች።

እሱ ድሉን ሊያጣጥም ምስሎቹን በትልቁ ከፈታቸው። የሳሎኑ ጥሩ ነበር። የደረጃው ጥሩ ነበር። የልጆቹ መኝታ ቤት ላይ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ነጫጭ ነጥቦች አየ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀጣዩን ከፈተ፤ ነጥቦቹ ቦታ ቀይረዋል። ቀጣዩን ከፈተ። ከአራት ሰዓት ተኩል ወዲህ የወጡት ሁለት መቶ ሃምሳ ምስሎች በሙሉ፣ የፊልሙ የመጨረሻ አሥር ሴኮንዶች፣ እንዲሁ ነበሩ። ፕሮሰሰር ከአቅሙ በላይ ሲነዳ ስሌት ይስታል። ይህን እሱ ለሌላው ሰው የሚያስተምረው ነገር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቶሎ አሰላ። ሁለት መቶ ሃምሳ ምስል፣ በሰባ ሴኮንድ፣ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ወኪሉ ሊመጣ የቀረው ግማሽ ሰዓት ነው። በትንሹ መስኮት እህቴ አላየችውም፣ ማን ያያል? አለ ለራሱ። ነገር ግን ፊልሙ የሚታየው ነገ፣ ገዢዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ ነው። እዚያ እውር ካልሆነ በቀር የማያየው የለም።

ደረጃው ላይ የእህቱን ድምፅ ሰማ፤ ወኪሉም አብሯት ነበር። ከቀጠሮው ቀድሞ ደርሷል። ወንድምየው ዘሎ ምስሉን ዘጋው። ለምን እንደዘጋው አያውቅም፤ እጁ ነው የዘጋው።

ወኪሉ ቁመተ ረጅም፣ ወንበር ሲሰጡት የማይቀመጥ ሰው ነበር። እህቱ ፊልሙን ገልብጣ ያስቀመጠችበትን ፍላሽ ዘረጋችለት። እሱ አልተቀበላትም።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ከናንተ በፊት የነበሩት ሰዎች በእንግዳ ፊት አዋርደውኛል። ነገ ሦስት መቶ ሰው ይመጣል። ይኼ ነገር እስከ መጨረሻው ተፈትሿል?»

«ተፈትሿል።»

«እንከን የለውም?»

እህቱ እጇን ወደ ወንድሟ ዘረጋች፣ ትከሻውንም ያዘች። «የእናቴ ልጅ ይሙት፣ አንዲት እንከን የለ...»

«እትዬ፣ አትማዪ!»

ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ። ወኪሉ ዞሮ አየው። እህቱ እጇን ከትከሻው አላነሳችም፤ ጣቶቿ ግን ሲጠነክሩ ተሰማው።

«መጨረሻው ተበላሽቷል» አለ። «አሥር ሴኮንድ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ፍጥነቱን ከአቅሙ በላይ ሰቀልኩት፣ ለእሷም ሳልነግራት። አቧራ ነው ብዬ ዋሸኋት። ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ እሷም ምንም አላጠፋችም።»

ወኪሉ ሰዓቱን አየ። «ለመጠገን ስንት ሰዓት ይፈልጋል?»

«አምስት ሰዓት።»

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዬ ይድረስ። ሁለት ሰዓት ከአምስት ካመጣችሁት አልቀበልም። የሚቀጥሉትን ሥራዎች ነገር ደግሞ...» እህቱን አየት አደረገና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ወጣ። ኮቴው ደረጃውን እስኪጨርስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

ወንድምየው ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። «ፍጥነቱን መልሰው» አለች። መለሰው። ማሽኑ ሲነሳ ፋኑ ጸጥ ብሎ ነበር። እሷ የተበላሹትን ምስሎች አጠፋቻቸውና ሥራውን ካቆመበት አስቀጠለች። ሁለቱም የመጀመሪያዋን ምስል ይጠብቁ ጀመር። ስድብ ቢመጣ ይሻለው ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ ስትመልስለት የኖረች ሴት ዝም ስትል ክፍሉ ጠበበው።

«እትዬ፣ ተቆጪኝ።»

«ባንተ ነው እኮ የማልኩት» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ሌላ የምምልበት ሰው የለኝም።»